በብርሌ የታሸገችው ትል

በኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ትል ትል ነበረ፣ ቢራቢሮም ቢራቢሮ ነበረች፤ ሁለቱ ይዛመዳሉ ብሎ የሚያስብ ሰው በዳባት አልነበረም። እኔም አላስብም ነበር። አንተ የተማርህ ነህ፣ ትስቅብኝ ይሆናል። ሳቅ፣ ግድ የለም። ትንሿ ልጅህ ከሞተች አርባዋ ወጥቶ እንኳ ጥርስህን አላየሁትም። በየቀኑ ትመጣለህ፣ እዚያ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለህ፣ ጤና አዳሜን ታያለህ፣ ትሄዳለህ። ዛሬ እኔ ላውራ፣ አንተ ጻፍ። እስክሪብቶ ይዘሃል? እሰይ። እንደማወራው ጻፈው፣ አታስተካክለው።

ታዲያ ያን ጊዜ ደርግ ነው። ባሌ አለነ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ሰሜን ዘምቷል፣ እኔ የሠላሳ ዓመት ሴት ነኝ፣ ቤቴ ይኸው ይኼ ቤት ነው፣ ጓሮውም ይኸው ይኼ ጓሮ ነው። ቀበሌው ደግሞ «እያንዳንዱ አባወራ ጓሮውን ያልማ» ብሎ አዟል። አባወራው ግንባር ነው፣ እና እኔ አለማሁ። ጎመን ተከልሁ፣ ድንች ተከልሁ፣ እንስላል ዘራሁ፣ በአጥሩ ዙሪያ ሁሉ ጤና አዳም አበዛሁ።

አለነ ደብዳቤ ይጽፋል። ይጽፋል ግን እኔ ፊደል አላውቅም። ደብዳቤው የሚመጣ ቀበሌ ነው፣ የሚያነብልኝ የቀበሌው ጸሐፊ ነው። እና ጸሐፊው በሩ ላይ ይቆምና «ጥሩወርቅ! ደብዳቤ!» ይላል። እሄዳለሁ። ለስኳር የተሰለፈው ሰው ሁሉ ጆሮውን ይዞ ይዞራል። ጸሐፊው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እህ፣ እህ፣ እህ ይላል፣ ወንጌል ሊያነብ የተነሣ ቄስ ይመስል፣ ከዚያ በዚያ በወፍራም ድምፁ «ለውድ ባለቤቴ ለጥሩወርቅ! ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተሻል!» ይላል። እኔ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። አንድ ቀን ምን ብሎ ቢያነብ ጥሩ ነው? «ያንን ቀይ ቀሚስሽን ለብሰሽ በሕልሜ አየሁሽ» ብሎ አነበበ! ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። የሺ፣ ይቺ ጎረቤቴ የነበረችው የሺ፣ ነፍሷን ይማር፣ «ኧረ ጥሩ፣ ቀይ ቀሚስ አለሽ እንዴ? ለኛ አልታየም!» አለች። ከዚያ ወዲያ ቀሚሱን አልለበስሁትም።

መልሱም እንዲያው ነው። እኔ እናገራለሁ፣ ጸሐፊው ይጽፋል። ታዲያ አንዲት ሴት ለባሏ «ናፈቅኸኝ» በዪ ብትባል፣ ለጸሐፊው ትነግራለች? ምን እላለሁ፣ «ላሚቱ ወለደች፣ ድንቹ ደህና ነው» እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ባሌ ከእኔ የሚሰማው የድንች ወሬ ነው። ሰማኸኝ? የድንች ወሬ!

ስለዚህ መሠረተ ትምህርት መጣ ሲባል ከሁሉ ቀድማ የተመዘገበች እኔ ነኝ። የባሌን ደብዳቤ በራሴ ዓይን ላነብ፣ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

አስተማሪዋ ከጎንደር የመጣች ልጅ ናት፣ ጸዳለ ትባላለች፣ ሃያ ዓመት የሞላት አይመስለኝም፣ ሱሪ ትለብሳለች፣ ቀጭን ናት፣ ስትናገር ትቸኩላለች። የምታስተምረን በቀበሌው አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ነው። ሃያ ሁለት ሴት ነን። ታዲያ አንድ ቀን «በ» ን ጨርሰን «ቢ» ላይ ደረስን፣ እና በጥቁር ሰሌዳው ላይ ቢራቢሮ ሣለች፣ ደህና አድርጋ ነው የሣለቻት፣ ከሥሯም ጻፈች። ሁላችን በአንድ አፍ «ቢ... ራ... ቢ... ሮ» አልን። እና እኔ፣ ይኼ ምላሴ ይቆረጥ፣ እጄን አወጣሁ።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ይጠይቁ» አለችኝ።

«ለመሆኑ ቢራቢሮ ከየት ነው የምትወለድ? ወፍ ጎጆ አላት። ንብ ቀፎ አላት። የቢራቢሮ ልጅ ግን አይቼ አላውቅም» አልኋት።

እውነቴን እኮ ነው። አንተስ ትንሽ ቢራቢሮ አይተህ፣ ሰንብተህ ስታያት አድጋ ታውቃለህ? የለም። ሁሉም ሲታዩ አንድ ጊዜ ትልቅ ሆነው ነው።

ልጅቷ ደስ አላት። ሰው ጠየቀኝ ብላ ፊቷ በራ። «ከትል ነው የምትወጣው» አለች።

«ከምን?»

«ከትል። ትሉ ይበላል፣ ይወፍራል፣ ከዚያ ቅርፊት ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ቢራቢሮ ሆኖ ይወጣል።»

ኧረ የሳቁ ነገር! የሺማ አግዳሚው ላይ ተንፈራፈረች። «ይቺ ልጅ ምሳ በልታለች? ኧረ እንጀራ ስጧት!» አለች። ሳቅን፣ ሳቅን፣ እና አንዲት ሴት ከኋላ ድንገት ሳቋን ዋጠችና «ቆዩ፣ ቆዩ። ትል ቢራቢሮ ይሆናል ማለት፣ ፍጥረት ይለወጣል ማለት አይደለም እንዴ?» አለች። ሳቁ ቀጥ አለ።

እንግዲህ ዘመኑን አስበው። «እነዚህ ልጆች እግዚአብሔር የለም ሊሉን ነው የመጡ» እየተባለ የሚታማበት ጊዜ ነው። ሴቶቹ ከአዳራሹ ወጥተው በቀጥታ ወደ መሪጌታ ላቀው ቤት ሄዱ። መሪጌታ ላቀው የደብሩ የዜማ መምህር ናቸው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ እሳቸው ያሉት አለቀ ነው። ቤታቸው ከእኔ ቤት ሦስተኛ ነው። እኔም ተከትዬ ሄድሁ፤ ጥያቄው የእኔ ነዋ!

መሪጌታ ሰሙና መቋሚያቸውን መሬት ላይ ቸከሉ። «ኦሪት ዘፍጥረት ምን ይላል? እንደ ወገኑ ፈጠረ ይላል። እንደ ወገኑ! ትል የትል ወገን ነው፣ ቢራቢሮም የቢራቢሮ ወገን ናት። ዛሬ ትል ቢራቢሮ ሆነ ሲሏችሁ አሜን ካላችሁ፣ ነገ ደግሞ የስሜኑ ጭላዳ ዝንጀሮ አጎታችሁ ነው ይሏችኋል!»

«የባሌ ወንድምስ ይመስላል» አለች የሺ።

እሳቸው አልሳቁም። «ከዚያ አዳራሽ የምትገባ ሴት ምን እየሰማች እንደሆነ ትወቅ» አሉ። አልከለከሉም። ግን ይኼ ይበቃል።

በማግሥቱ አዳራሽ ስሄድ ሦስት ሴት ነን። ጸዳለ ጠመኔዋን ይዛ ቆማለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። «እትዬ ጥሩወርቅ፣ አሥር ሰው ካልሞላ ለገና በዓል እንዘጋዋለን ብለውኛል ቀበሌዎቹ። እኔንም ወደ አዲ አርቃይ ይልኩኛል» አለችኝ።

«እኔስ?» አልሁ። አየህ፣ ሰው ክፉ ነው፣ ለእሷ አይደለም ያዘንሁ። «በ» ላይ ቆሜ ልቀር ነው! የባሌ ስም የሚጀምር በ«አ» ነው፣ «አ» ገና ሩቅ ናት። እና ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነው። ማን ጠይቂ አለኝ?

«እሺ» አልኋት፣ «ያልሽው ነገር እውነት ነው? በዓይንሽ አይተሻል?»

ጠመኔዋን አስቀመጠች። «መጽሐፍ ላይ ነው ያየሁት» አለች። «ጓሮዎ ውስጥ ትል አለ?»

«ትል? ጤና አዳሜን ማን የሚፈጀው መሰለሽ?»

«እንግዲያው አይግደሏቸው።»

በየጠዋቱ እየለቀምሁ በድንጋይ የምጨፈልቃቸውን ነው አትግደይ የምትለኝ! ተውሁ። ማየት ጀመርሁ። እና ልጄ፣ ያየሁትን ልንገርህ፤ እኔ እዚህ ጓሮ ስኖር ዕውር ነበርሁ።

መጀመሪያ እናቲቱ ትመጣለች። ጥቁር ናት፣ ቢጫ ነጠብጣብ አለባት፣ ከታች ክንፏ ላይ ደግሞ ዓይን የሚመስል ቀይ ነገር አለ። አበባ ላይ ስታርፍ አይቻት አውቃለሁ፣ ሁላችን እናውቃታለን። ጤና አዳሙ ላይ ግን ስታርፍ አትበላም። ሆዷን ጎበጥ ታደርግና ቅጠሉን ነካ ታደርገዋለች፣ ትነሣለች፣ ሌላውን ነካ ታደርገዋለች። የነካችውን ሄጄ ባይ፣ ከጤፍ ፍሬ ከፍ የምትል ቢጫ ነገር ተለጥፋለች። እንቁላል! ሰው አላውቅም ብሎ ሲጠይቅ መልሱ አጥሩ ሥር ነበር።

ከዚያ ትሏ ትወጣለች፣ እና መጀመሪያ የምትበላው ምን መሰለህ? የወጣችበትን ቅርፊት! ከዚያ ወደ ቅጠሉ። በትንሽነቷ የወፍ ኩስ ነው የምትመስል፣ ጥቁርና ነጭ፣ ማን ይነካታል? ታዲያ ስትወፍር ቆዳዋን ታወልቅና አረንጓዴ ትሆናለች፣ ቅጠል መስላ ቅጠል ላይ ትቀመጣለች። አንድ ቀን በጣቴ ነካ ባደርጋት ከራሷ ላይ ሁለት ቀይ ቀንድ አውጥታ ወጋችኝ! መውጋቷ እንኳ አይደለም፣ ለስላሳ ቀንድ ነው፣ ግን ይሸታል፣ ኧረ ይሸታል፣ የተበላሸ ሎሚ ሽታ። ደንግጬ በጀርባዬ ወደቅሁ። የሺ በአጥር ላይ ሆና እያየችኝ ኖሯል።

«ጥሩ፣ ምን ሆንሽ? ትል ወጋሽ?»

«ቀንድ አላት!»

«እንግዲያማ አሰማሪያቸው። ማታ ታልቢያቸዋለሽ» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባየችኝ ቁጥር «ላሞችሽ እንዴት ናቸው?» ነው።

ግን እኔ ቀኑን ሙሉ ከእነሱ ጋር ነኝ። ወፍ ይለቅማቸዋል፣ እኔ ወፍ አባርራለሁ። ጎመኔ አረም ዋጠው። አንዷ ትል ደግሞ ወፍራ ወፍራ መብላት ተወች። ታመመች ብዬ አዘንሁ። ከጤና አዳሙ ወርዳ መሬት ለመሬት ሄደች፣ አጥሩ ላይ ወጣች፣ አንዱ እንጨት ላይ ቆመች። እና ምን አደረገች? ከአፏ ክር አወጣች። ጅራቷን እንጨቱ ላይ አጣበቀች፣ በወገቧ ዙሪያ ደግሞ ክር አሰረችና ወደ ኋላዋ ተንጋለለች። ገደል ላይ ማር የሚቆርጥ ሰው በጠፍር ታስሮ እንደሚንጋለለው፣ ልክ እንደዚያ። አድራ ሳያት ቆዳዋ ተገፎ ከሥሯ ወድቋል፣ እሷ ደረቅ ቅጠል ሆናለች። እግር የላትም፣ አፍ የላትም። ስነካት ግን ወዝወዝ አለች። አለች!

ጸዳለን ጠራኋት። ልጅቷ እያየች እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔም እኮ አይቼ አላውቅም» አለች። ሁለታችን ቁጭ ብለን አየናት።

በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት ወጥቼ ባይ ቅርፊቷ ተከፍቷል፣ ባዶ ነው፣ ከአጠገቡ አጥሩ ላይ ቢራቢሮ ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች። እልል አልሁ! ጮህሁ! ሰፈሩ መጣ። የሺ መጣች፣ ሴቶቹ መጡ፣ መሪጌታም መቋሚያቸውን ይዘው መጡ።

«ይኸው! ከዚህ ወጣች!» አልሁ።

የሺ አየቻት። «ይቺማ ከሜዳ መጥታ ያረፈች ናት» አለች።

«ቅርፊቱን አታዪም? ባዶ ነው!»

መሪጌታ ቀስ ብለው «ጥሩወርቅ» አሉኝ፣ «ከባዶ ቅርፊት አጠገብ የቆመ ሁሉ ከዚያ ወጣ ማለት ነው? እኔም አሁን በርሽ ላይ ቆሜአለሁ። ከሆድሽ ወጣሁ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቢራቢሮዋም እንደ ሹፈት ብር ብላ ሄደች። የገና በዓል ሊደርስ ወር አልቀረውም። ምን ልበልህ፣ አለቀስሁ። ግን የመሪጌታ ነገር እውነት አለበት፤ እኔስ ስትወጣ መች አየሁ?

ታዲያ ሌላ አንዲት ትል አጥሩ ላይ ታስራ ነበር፣ ገና አምስት ቀኗ ነው። እና መሪጌታን ከመንገድ መለስኋቸው። «እንግዲያው እርስዎ ራስዎ ይጠብቁልኝ። ዘግተው ያስቀምጡልኝ። ከሜዳ የማትገባበት፣ ግን ሰው ሁሉ የሚያይበት ቦታ» አልኋቸው።

«የት?» አሉ።

በየትኛው ቤት መስታወት ይገኛል? አሰብሁ፣ አሰብሁ፣ ሮጬ ገባሁና የሠርጌን ብርሌ ይዤ ወጣሁ። ጠጅ የምንጠጣበት፣ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ጠባብ። የእንጨቱን ስንጣሪ ከነትሏ ቆርጬ በአንገቱ አሾለክሁት፣ በጭንቅ ገባ። መሪጌታ አፉን በስስ ጨርቅ አሰሩት፣ ቋጠሮው ላይ የጧፍ ሰም አንጠባጥበው በአውራ ጣታቸው አተሙት። «እንግዲህ ከዚህ የሚወጣ ከዚህ የገባው ነው» አሉ። ሰው ሁሉ «ይሁን» አለ። የሺም «ይሁን» አለች። ያን ጊዜ ብልኅነት መስሎን ነበር።

ብርሌዋ መሪጌታ መስኮት ላይ ተቀመጠች። በየጠዋቱ ሄጄ እጠይቃለሁ።

«መሪጌታ፣ ትሌ እንዴት አደረች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ አላያትም። ሌላ ሥራ የለኝም?»

«እሺ።»

ፊቴን ስመልስ «ትናንት ግን ከሰዓት ትንሽ ጠቁራለች» ይላሉ! በሌላው ቀን «አላያትም አልሁ እኮ። ብቻ ተማሪዎቹ ሲዘምሩ ትወዛወዛለች» ይላሉ። በሌላው ቀን ደግሞ ገና ሳልደርስ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጥሩወርቅ፣ በቅርፊቱ ውስጥ ቢጫ ነጥብ ይታየኛል። ዓይኔ ነው ወይ?» አሉ። ሄጄ አየሁ። ዓይናቸው አይደለም። ቅርፊቱ ሳስቷል፣ ጥቁሩና ቢጫው ከውስጥ ይታያል፣ የቢራቢሮ ክንፍ፣ ግን እንደ አውራ ጣት ጥፍር ትንሽ። ሁለታችን ራስ ለራስ ገጥመን እያየን እንደ ሌባ ተነጋገርን። «ለማንም አትንገሪ» አሉኝ።

በማግሥቱ ማለዳ አንድ ተማሪ ልከው አስጠሩኝ። ሳልታጠቅ ሮጥሁ። የሺም ስሮጥ አይታ ተከተለችኝ። ስንደርስ ቅርፊቱ ተሰንጥቋል፣ እሷ ወጥታለች። ብርሌው ሆድ ውስጥ ናት፣ እግሯ መስታወቱ ላይ ይንሸራተታል። ክንፏ፣ እንዴት ልበልህ፣ የረጠበ ጨርቅ ተጨምቆ እንደተጣለ። ስትወጣ እንዲያ ናት ለካ! ከፍ ያለ ነገር ይዛ ተንጠልጥላ ነው ክንፏን የምትዘረጋው። እኛ ግን ስንጣሪው ከታች ተጋድሞ፣ ሌላ ማረፊያ በሌለው መስታወት ውስጥ ዘግተናታል። ትወጣለች፣ ትወድቃለች። ትወጣለች፣ ትወድቃለች።

«ይክፈቱላት!» አልሁ።

«ቆይ፣ ምስክር ይምጣ። ማኅተሙን ሁለት ሽማግሌ ይይልኝ፣ አለበለዚያ ነገ ከፍታችሁ አስገባችሁ ይሉናል» አሉ መሪጌታ። እውነታቸውን ነው፣ የእኔም ነገር የቆመ በዚያ ነው። እኔም ዝም አልሁ። አየህ፣ ዝም አልሁ። ሽማግሌዎቹ እስኪጠሩ፣ እስኪመጡ፣ ሰሙን በተራ እስኪያዩ፣ «አልተነካም» እስኪሉ ድረስ ክንፏ እንደተጨማደደ ደረቀ።

ከዚያ መሪጌታ ብርሌውን ደፍ ላይ አስቀምጠው በመቋሚያቸው ጫፍ መቱት። ተሰበረ። ከስባሪው መሐል በእግሯ ወጣች። ሆዷ ወፍራም ነው፣ ያው የትሏ ሆድ። አንዱ ክንፏ እስከ ግማሽ ተከፍቷል፣ ሦስቱ ተጣጥፈዋል። ግን ቢጫው አለ፣ ጥቁሩ አለ፣ ያ ዓይን የሚመስለው ቀይም በሽብሽቡ ውስጥ አለ። ሰው ሁሉ ተጠግቶ አያት። በመጨረሻ የተናገረች ማን መሰለችህ? የሺ ናት።

«ይቺማ ከሜዳ አልመጣችም» አለች። «ይቺ በምኗ በርራ ትመጣለች?»

ይኸው ነው። ያቺ ደህናዪቱ፣ ያቺ የበረረችው፣ ማንንም አላሳመነችም። ይቺ ግን የትም ልትበር የማትችል ናት፣ ስለዚህ ከየትም ልትመጣ አትችልም።

መሪጌታ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን መሬት ላይ አኖሩላት። ወጣች። ቆመው ብዙ አዩዋት፣ ብዙ። «እኔ ነኝ ያሰርኋት» አሉ።

እና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ በደጀ ሰላሙ እንደቆመ፣ መሪጌታ ተናገሩ። «እንደ ወገኑ ፈጠረ የተባለው አልፈረሰም» አሉ። «ዲያቆን ቅስና ሲቀበል ወገኑ ይለወጣል? ያው ሰው ነው፣ ልብሱ ተለወጠ እንጂ። ትሏና ቢራቢሮዋ አንድ ወገን ናቸው፤ ሁለት ያደረግናቸው እኛ ነን። ልጅቷ እውነት ተናግራለች፣ እኔ ሳላይ ተናገርሁ። ሂዱ፣ ፊደላችሁን ቁጠሩ።»

የሺ ዝም አትልም፣ ከሴቶቹ መሐል «ጭላዳውስ፣ መሪጌታ?» አለች።

«ጭላዳውን ገና አላየሁትም!» አሉ። የዚያን ቀን እሳቸውም ሳቁ።

ሰኞ ዕለት አዳራሹ ሞላ። ሃያ ሁለታችን አይደለም፣ ሠላሳ አንድ ሆንን፤ ቢራቢሮዋን ያላዩትም መጡ። ጸዳለ አልተዛወረችም። በፋሲካ ዋዜማ «አ» ላይ ደረስን። አ፣ ለ፣ ነ ብዬ መሬት ላይ በእንጨት ጻፍሁና ሰው እንዳያየው በእግሬ አጠፋሁት፣ ደግሞ ጻፍሁት።

እና ግንቦት ላይ ጸሐፊው በሩ ላይ ቆመ። «ጥሩወርቅ! ደብዳቤ!» ሄድሁ። ሰልፉ ዞረ። እህ፣ እህ፣ እህ አለ። እጄን ዘረጋሁ። «ስጠኝ» አልሁት።

«ላንብብልሽ እንጂ።»

«አይ ወንድሜ፣ ዓይን አለኝ።»

ይዤ እዚህ ጓሮ ገባሁ። አንዲት ወረቀት ናት። ከምሳ ሰዓት ጀምሬ ከብት እስኪገባ ድረስ አነበብኋት። አንዳንዱን ቃል ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዱን አሥር ጊዜ። አለነ ክፉ ጽሕፈት ነበረው፣ ነፍሱን ይማር። ኋላ በሰላም ገብቶ እዚሁ ቤት አርጅቶ ነው የሞተ።

ደብዳቤው ምን ይላል አልኳቸው፣ እኔ የምጽፈው።

አልነግርህም! እንዴት ያለ ሰው ነህ፣ እሱን ብቻዬን ላነብ አይደለም ወይ ይኼን ሁሉ የተንከራተትሁ? (ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።) ለማንም አልነገርሁም፣ ለአንተም አልነግርህም። ጻፍ፣ «አልነገረችኝም» ብለህ ጻፍ።

ያቺ ቢራቢሮስ? ወዲያው ሞተች? አልኳቸው።

የለም። ዘጠኝ ቀን ኖረች፣ መሪጌታ ቤት። እሳቸው ለማንም አይሰጧትም። ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን ማር ያስነኩና ያቀርቡላታል፣ ያን የተጠቀለለ ምላሷን ዘርግታ ትመጣለች። ፀሐይ ሲወጣ ደፉ ላይ ያወጧታል፣ ሲበርድ ያስገቧታል። ዜማ ሲያስተምሩ ትከሻቸው ላይ ናት፤ ተማሪዎቹ ሳቅ ይዟቸው ቃሉን ይስታሉ፣ እሳቸው ይቆጧቸዋል።

አልበረረችም አልኳቸው።

አልበረረችም። ግን አልበረረችም ብለህ እዚያ ላይ እንዳታቆም። ማር በላች፣ ፀሐይ ሞቀች፣ ሰው ትከሻ ላይ ሄደች፣ ብለህ ጻፍ። ዘጠኝ ቀን ብለህ ጻፍ። ጻፍህ?

ጻፍሁ፣ እማማ አልኳቸው።